ያልታጠበው ጋን

ጠላ የምትሸጥን ሴት «ጋንሽ ታጥቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መርሳ ላይ ከስድብ ይቆጠራል። የሲሪንቃው አማረ ይህን አጥቶት አይደለም። እናቱ ጠላ ሸጣ ያሳደገችው ልጅ ነው። ግን ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም፤ የመጀመሪያውን ጉንጭ እንደዋጠ ጥያቄው ከአፉ ወጣ።

ባለጠላዋ ልዕልት ጆጉን እንደያዘች ቆመች። ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል አብረውት የመጡት ባልደረቦቹ አንገታቸውን ደፉ። ጥግ ላይ የተቀመጡት የሰፈሩ ጠጪዎች ግን ጆሯቸውን አቆሙ፤ ያንን ጥያቄ ሁሉም በሆዳቸው ይዘውት የኖሩ ናቸውና።

«አልታጠበም» አለች ልዕልት። «ካልጣመህ በሩ ያው።»

ተነሥቶ ይወጣል ብላ ጠበቀች። አልተነሣም። ጣሳውን እስከ አተላው ጨልጦ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ንቀት ፈለገች፤ አጣች። ያየችበት ነገር የማያውቁት ለቅሶ ቤት በስህተት የገባ ሰው ድንጋጤ ይመስል ነበር።

«ድገሚኝ» አላት።

የልዕልት ጠላ በመርሳ የታወቀ ነው፤ የታወቀው ግን በደግ አይደለም። መጀመሪያ ይኮመጥጣል። ቀጥሎ ገና ዝናብ የነካው አፈር አፈር ይላል። ከተዋጠ በኋላ ደግሞ ስም የሌለው ነገር ምላስ ሥር ይቀራል፤ ሰው የረሳውን ነገር ላስታውስ ላስታውስ ሲለው እንደሚሆነው። የሰፈሩ ቀልደኞች «ልዕልት ቤት ሁለት ጣሳ የጠጣ ሟቹን ሁሉ በስም ይጠራል» ይላሉ። እየሣቁ ይበሉት እንጂ ብዙዎቹ በዚሁ ምክንያት እግራቸውን አሳጥረዋል። ሰው ወደ ጠላ ቤት የሚሄደው ሊረሳ ነዋ።

ጎረቤቷ እህል ነጋዴዋ ዘይነባ ጠላ በአፏ አይዞርም። «ሐራሙ ለአፍ እንጂ ለአፍንጫ አልተባለም» እያለች ግን ከደጅ ሆና ታሸትታለች። «አንች ልዕልት» ትላታለች፣ «ወላሂ ይህ ጋን ሰው ሰው ይሸታል።» ዘይነባም የምትለውን ታውቃለች፤ ጋኑ ሲቀበር በአጥሩ ላይ ሆና አይታለች።

በዚያ በጦርነቱ ክረምት ልዕልት ሙሽራ ልትሆን ነበር። በክረምት ሠርግ የት አለ ተብሎ ስንት ተቀልዶባቸዋል። ሆኖም የጦርነቱ ወሬ ሲቀርብ እጮኛዋ ዓለምነህ «ከፍልሰታ በፊት እንጋባ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ» አለ። ዓለምነህ ወልድያ ላይ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት፣ መሪም ይሁን ጠረጴዛ እጁ የነካውን ሁሉ በጣቶቹ መታ መታ የሚያደርግ ልጅ ነው። ልዕልት ወላጆቿን ቀደም ብላ ስላጣች የሠርጉን ጠላ ሊጠነስሱ ከወልድያ የመጡት የእሱ እናት እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ልዕልት ከእናቷ በወረሰችው ትልቅ ጋን ጌሾውን፣ ብቅሉንና እንኩሮውን አዋህደው፣ ድፍድፉን ከድነው፣ «ሲደርስ መጥቼ አቀጥነዋለሁ» ብለው ተመለሱ።

አልደረሰም። ድፍድፉ ጋኑ ውስጥ እንዳለ ሰው ከተማውን መልቀቅ ጀመረ። ዓለምነህ ጓሮውን ቆፍሮ ጋኑን እስከ አንገቱ ቀበረው። አፉን በጭቃ ሲመርገው እንደ ልማዱ በጣቶቹ መታ መታ አደረገውና ሣቀ። «እስክንመለስ ይብሰል» አላት። ከዚያ ድንጋይ ጫነበት፣ እሷን ወደ ደሴ ከሚሸሹ ሴቶች ጋር አሳፈራትና እናቱን ሊያወጣ ወደ ወልድያ ሄደ። እናቱ በሌላ መንገድ ወጥተው ነበር። እሱ ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ አልደረሰም። አየሁት የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ልዕልት ከስደት ስትመለስ በሩ ተነቅሏል፣ ቤቱ ተራቁቷል። ጋኑ ብቻ እንደተቀበረ ቆይቷታል። ድንጋዩን ስታነሣ ደረቁ ጭቃ ላይ የዓለምነህ የጣቶቹ ምልክት ነበረበት። ለመክፈት ጭቃው መሰበር ነበረበትና ሰበረችው። እንዴት እንደሰበረችው ዛሬ ብትጠየቅ አታውቀውም።

የጠላ ሕግ የታወቀ ነው። ጋን ባዶ በሆነ ቁጥር በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ከዚያ በንጹሕ ላይ ይጠነሰሳል። ልዕልት ግን ጋኑን ከጉድጓዱ አውጥታ ቤት አስገባችው እንጂ አላጠበችም። ከታች አተላ አስቀርታ አዲሱን በላዩ ጠነሰሰች፤ ያ ሲያልቅም ከእሱው አተላ አስቀረች። እንዲህ እየተባለ የሠርጉ ድፍድፍ ሳያልቅ ዓመታት አለፉ። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሙሽራም አልሆነች፣ ሐዘንተኛም አልሆነች። ከዓለምነህ የቀረ ነገር ካለ በዚያ ጋን ሥር ነው ብላ አመነች፤ ያመነችውን ደግሞ በየሳምንቱ ቀድታ ትሸጣለች።

በዚህ ላይ ጋኑ ድምፅ ነበረው። ጠላ ሁሉ ሲብላላ ይናገራል፤ ይህ ግን አነጋገሩ ሌላ ነው። መታ፣ መታ፣ ዝም፣ መታ። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አበደች ከመባል ዝም ማለት ይሻላል።

በሚቀጥለው ሳምንት አማረ ብቻውን መጣ። ትከሻው ላይ አንድ እስር ተሸክሟል፤ ግራዋ ከነቅጠሉና የተፈለጠ ወይራ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ለጠላ ሻጭ ከዚህ የበለጠ እጅ መንሻ የለም ብሎ አስቧል፣ ሞኙ። ልዕልት ስታየው መጥረቢያ ይዞ የገባባት ያህል ደነገጠች።

«እንዳጥበው ነው ያመጣኸው?»

«ኧረ እኔ…» አለና ፊቱ ቀላ። «እናቴ እንዲህ ያለ እስር ሲመጣላት ደስ ይላት ነበር።»

እንዲህ ባለ ሰው ላይ መቆጣት አልሆነላትም። እስሩን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ሰቀለችው። አልጣለችውም፤ አልተጠቀመችበትምም። እዚያው ተሰቅሎ ደረቀ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አማረ ከሥራ ሲወጣ መምጣት ለመደ። ሲሪንቃ የሚሞክሩትን የገብስ ዘር ያወራላታል፤ የትኛው ድርቅ እንደሚችል፣ የትኛውን ወፍ እንደምትወደው። አንዳንድ ቀን የገብስ ዛላ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ መጥቶ ምንም ሳይል ጠረጴዛው ላይ ይተውላታል። እሷም ምንም ሳትል ታነሣዋለች። ትሥቅ ጀመር። ሣቋን ራሷ ስትሰማው እየደነገጠች ወደ ጋኑ ዞር ትላለች። እሱ መዞሯን ያያል፤ አይጠይቅም።

«ያንን ጠላ በፈቃዱ ደጋግሞ የሚጠጣ ሰው» አለች ዘይነባ፣ «ወይ ምላሱ ሞቷል ወይ ልቡ ተይዟል።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ጥሩወርቅ ከወልድያ በሚኒባስ ይመጣሉ። ከጋኑ አጠገብ ካለችው ዱካ ተቀምጠው አንድ ጣሳ ይጠጣሉ፤ ጣሳው ሥር የቀረችውን አተላ ደግሞ ተነሥተው ወደ ጋኑ ይመልሷታል። ሁለቱ ሴቶች ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። የልጁን ስም የሚያነሣ የለም። ሲሄዱ መዳፋቸውን ጋኑ ላይ ያሳርፋሉ፣ እንደ ልጅ ግንባር። አንድ ቅዳሜ አማረን አገኙት። ሰላምታውን ተቀበሉ፣ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ማንነቱን ግን አልጠየቁም። ልዕልት ያን ቀን ጆጉን ሁለት ጊዜ አፈሰሰችው።

አንድ ዝናብ የያዘው ከሰዓት ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አማረ ስለ እናቱ እያወራላት ሳለ ጋኑ ጀመረ። መታ፣ መታ፣ ዝም፣ መታ። አማረ ወሬውን አቋረጠ። ልዕልት ትንፋሿን ያዘች። የተማረ ሰው ነው፣ እርሾ ነው፣ አየር ነው ይለኛል ብላ ጠበቀች።

«ማነው?» አላት በቀስታ።

ልቧ ተከፈተ። ለሰው ያልተናገረችውን ሁሉ ነገረችው፤ የክረምቱን ሠርግ፣ የጣቶቹን ምልክት፣ አተላውን፣ ድምፁን። ስትጨርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። አማረ ጣሳውን ገፋ አድርጎ አስቀመጠው።

«ዛሬ የመጣሁት እወድሻለሁ ልልሽ ነበር» አላት። «አሁን በእሱ ፊት እንዴት ልበል?»

«ብለኸው የለ» አለች፤ ድምፇ ራሷ ጋ አልደረሰም።

እሷም ትወደዋለች። ይህን በዚያች ሰዓት አወቀችው፤ ማወቋም አስፈራት። መርዶ ያልተነገራት ሰው እንዳለባት፣ ነገ በዚያ በር ቢገባ የምትለው እንደሌላት ነገረችው። አማረ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋኑን እጠቢ አልልሽም። ያንን ቃል አንዴ ተናግሬ አይቻለሁ። ግን ከእንግዲህ እዚህ ተቀምጬ የእሱን የሠርግ ጠላ መጠጣት ከበደኝ፣ ልዕልት።»

ዝናቡ ሳያባራ ወጣ። በሌላውም ሳምንት፣ ከዚያ በኋላም አልመጣም። ልዕልት የሚኒባስ ጡሩምባ በሰማች ቁጥር በሩን ታይ ነበር። በሩን ስታይ መጀመሪያ የሚመጣባት ፊት የዓለምነህ አለመሆኑ ሲገባት ከጋኑ ተደብቃ አለቀሰች።

ጠላው መበላሸት የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ኮምጣጣነቱ ባሰ፤ ቀጥሎ ሆምጣጤ ሆነ። ክዳኑን ስታነሣ ነጭ ሻጋታ በላዩ ተጋድሟል። ያ ዝናብ የነካው አፈር ጠረን ጠፍቷል። ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጠፈች። ምንም የለም።

ቅዳሜ እትዬ ጥሩወርቅ መጥተው አንድ ጉንጭ ቀመሱና ጣሳውን አስቀመጡ።

«ምን ሆነ?» አሉ።

«እየሞተ ነው» አለች ልዕልት።

ያ ቃል በሁለቱ መካከል ተነግሮ አያውቅም። ሁለቱም የሰሙት ስለ ጠላው ብቻ አልነበረም። እትዬ ጥሩወርቅ አንገታቸውን ደፉ። ልዕልት ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ መንገድ ላይ ያገኘችው ሚኒባስ ላይ ተሳፍራ ሲሪንቃ ወረደች።

አማረ ገብሱ መሃል ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን አይቶ ከገብሱ ወጣ።

«አድንልኝ» አለችው።

ማንን ብሎ አልጠየቃትም። የሥራ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ተከተላት።

ጋኑ ሥር ተንበረከከ። እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ሻጋታውን ገፈፈ፣ የተበላሸውን ቀስ ብሎ አስቀድቶ አስደፋ፣ ከታች ያለውን አተላ በመዳፉ እየዘገነ አሸተተ፣ ቀመሰ። አብዛኛው ሞቷል። ጋኑ ጎን ላይ ተጣብቆ የቀረ ጥቂት ነገር ግን ጠረኑ ደህና ነበር። እሱን ፍቆ በትንሽ ማሰሮ አኖረው፤ ትኩስ ብቅል ከለብ ያለ ውሃ ጋር መገበው፤ ብርድ እንዳይመታው ካፖርቱን አውልቆ ጠቀለለው። እትዬ ጥሩወርቅ ከዱካቸው ሳይነሡ ያዩታል። «አልቋል፣ በቃ» ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ። ልዕልት በሩ መቃን ላይ ተደግፋ የዚያን ሰው ጎንበስ ያለ ጀርባ ስታይ፣ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አድርጎ አልወደደኝም አለች በሆዷ። በዓለምነህ ጋን ፊት መሆኗን እንኳ ረሳች።

ሲመሻሽ ከማሰሮው ውስጥ አንድ አረፋ ወጣ። ቆይቶ ሌላ። ከዚያ በጣም በቀስታ፦ መታ፣ መታ።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ይህን ለምን ታደርጋለህ?»

አማረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አሰበ።

«ትወደዋለች፣ እትዬ» አላቸው።

አሮጊቷ ጠዋት ያስቀመጡትን፣ ሆምጣጤ የሆነውን ጣሳቸውን አንሥተው እስከ መጨረሻው ጠጡት። አተላዋን ወደ ጋኑ አልመለሷትም። እሷንም ዋጧት። ከዚያ መዳፋቸውን የትም ሳያሳርፉ ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።

መርዶ በእኛ አገር ሲነጋጋ ነው የሚነገረው፣ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ ልቡ ቀኑን ሳይጀምር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎህ ሲቀድ የልዕልት በር ተንኳኳ። ከፈተች። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎችና ዘይነባ አሉ፤ ዘይነባ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«የልጄን መርዶ የሚነግረኝ ሰው ስጠብቅ ኖርሁ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «የሚመጣ የለም። ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን ኖሮ ይመጣል? አንችንም አብሬ አስጠበቅሁሽ፣ ልጄ። እኔው መጣሁ። ዓለምነህ አርፏል።»

ልዕልት እዚያው በሩ ላይ ወደቀች። ጩኸቷ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። በዓመታት ውስጥ ያልወጣ ለቅሶ በአንድ ጠዋት ሲወጣ ሰው አይመስልም። ዘይነባ የልዕልትን ጭንቅላት ጉልበቷ ላይ አድርጋ «አልቅሺ፣ አልቅሺ የኔ እናት፣ አላህ እንባን የፈጠረው ለዚህ ነው» ትላት ነበር። የሰፈሩ ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ገባ። ቀልደኞቹም መጡ። ያን ቀን የቀለደ የለም።

ለተዝካሩ ልዕልት ጠላውን የጠነሰሰችው በዚያች ማሰሮ ውስጥ በዳነችው አተላ ነው። ጋኑን ሞላችው፤ ለነገ ብላ ጠብታ አላስቀረችም። የተጠራው ሰው ያኔ ለሠርጉ ተጠርቶ የነበረው ነው፤ ከመካከሉ የጎደሉም ነበሩ። ጠላ ለማይጠጡት ጎረቤቶች ዘይነባ ቀሪቦ ጠምቃ መጣች። አማረ እንደ ቤቱ ልጅ ጆግ ይዞ ሲቀዳ ዋለ። ለሠርግ የተጠነሰሰው ለተዝካር ተጠጣ፤ ጣዕሙ እንግዳ ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ከጣሳው ጎንጨት እያለ የዓለምነህን ስም ያነሣል፤ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ ሣቁ። ስሙ በዚያ ቤት ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ተብሎ ተጠራ።

እንግዳው ሲበተን እትዬ ጥሩወርቅ ተነሡና ምስማሩ ላይ የደረቀውን እስር አወረዱ። ግራዋውን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ሁለቱ ሴቶች ጋኑን አጋድመው ከውስጥ ከውጭ አጠቡት። የመጨረሻዋን አተላ ዓለምነህ የቆፈረው ጉድጓድ በነበረበት ቦታ አፈሰሷት። ከዚያ ወይራውን አጫጭሰው ጋኑን ደፉበት። አማረ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ያ ሥራ የእሱ አልነበረም፤ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል።

ዓመት ዞሮ ጥር ሲገባ የአማረ ሽማግሌዎች ልዕልትን ሊጠይቁ ወልድያ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄዱ። ሌላ የሚጠየቅ ወላጅ የላትማ። አሮጊቷ እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹን አመላለሱ፣ ዘር አስቆጠሩ። በመጨረሻ «እድራታለሁ። ጠላውንም የምጠነስሰው እኔ ነኝ» አሉ። ጠነሰሱትም፣ በዚያው ጋን።

በሠርጉ ዋዜማ ልዕልት አጥልላ አንድ ጣሳ ቀዳችና ለአማረ ሰጠችው። እሷ አስቀድማ ቀምሳ ነበር፤ የቀመሰችውን ግን አልተናገረችም። ጠላው ንጹሕ ነው፤ ጌሾው ጌሾ፣ ጭሱ ጭስ ይላል። አማረ ጉንጩን ምላሱ ላይ አቆየው፣ ዋጠው፣ ጠበቀ። ልዕልት ከንፈሯን ነክሳ ዓይኑን ታያለች።

«አለ አይደል?» አለችው። «ሸክላው አልለቀቀም።»

«አለ» አላት። «ጥቂት፣ ከመጨረሻው ላይ።»

ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ይቅርታ ልትል ይሁን ሌላ፣ እሷም አላወቀችውም።

«ይኑር» አላት አማረ።

ጣሳውን ከእጁ ተቀበለችና የተረፈውን ጠጣችው፣ ከነአተላው።